ከጀርባ የቆመው ሰው ማን ነው?

በዚህ እትም ሂስ ላቀርብበት የፈለግሁት ነገር መጽሐፍ አይደለም፤ ቴአትርም አይደለም። ልጆቻችን በየቀኑ እየሠሩ የሚለጥፏቸው፣ እኛም ማታ ማታ ጋደም ብለን በስልክ የምናያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። «ለአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ተማሪዎቻችን መጽሐፍ ከሚገልጡበት ሰዓት ይልቅ ስልክ የሚነካኩበት እንደሚበዛ ለማወቅ ጥናት አያሻም። ሰው ደጋግሞ የሚያየው ነገር ደግሞ ክፉም ይሁን ደግ ያስተምረዋል። ስለዚህ እኛ መምህራን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም።

ስለ ሁሉም ነገር አንስቼ አልዘልቀውም። የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከጽሑፉ ወይም ከድምፁ በስተጀርባ የሚታየው ምስል ነው። አሠራሩን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ላስረዳ። ልጁ ስልኩን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና ቡና ሲቀዳ፣ ጫማውን ሲያስር፣ ደብተር ሲገልጥ፣ ወይም ዝም ብሎ መንገድ ሲሄድ ስድስት ሰባት ሰከንድ ይቀርጻል። ከዚያ ላዩ ላይ የፈለገውን ሐሳብ ይጽፍበታል፤ ሙዚቃ ይጨምርበታል፤ አለቀ። ምስሉ ከጽሑፉ ጋር ግንኙነት ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል። ለፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ እንዳለው ሁሉ፣ ይኼኛውን እኔ ማጀቢያ ምስል እለዋለሁ። ባለሙያዎቹ «ቢ-ሮል» ይሉታል።

ስያሜው የመጣው ከድሮው የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ቅንብር ነው። አቀናባሪዎቹ የፊልሙ መቀጠያ ለተመልካች እንዳይታይ ሲሉ ቁርጥራጮቹን «ኤ» እና «ቢ» በተባሉ ሁለት ጥቅልሎች ላይ እያፈራረቁ ያስቀምጧቸው ነበር። በኋላ በቴሌቪዥን ዜና ሥራ «ኤ» የተናጋሪው ሰው ምስል፣ «ቢ» ደግሞ እሱ ሲናገር ላዩ ላይ የሚደረበው ሌላ ምስል መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማጀቢያ ምስል ከጥንቱም ሥራው አንድን ነገር መሸፈን ነበር። እዚህ ላይ ጥያቄዬን ላስቀምጥ። እኛ በዚህ ምስል የምንሸፍነው ምንድን ነው? የምናጋልጠውስ ማንን ነው?

መልካም ጎኑ

ከመውቀሴ በፊት ማመስገን ይገባኛል። ይኼ የቪዲዮ ዓይነት ለእኛ ለስደተኞች ከማንም በላይ የሚስማማ ነው። አንደኛ ርካሽ ነው። ካሜራ፣ መብራት፣ ማይክ ምናምን አይፈልግም፤ የተሰነጠቀ ስልክም ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሰው ፊት መናገር የሚያፍር ልጅ ሐሳቡን በጽሑፍ ሊያወጣ ይችላል። ሦስተኛውና ትልቁ ግን ፊት ማሳየት ግዴታ አለመሆኑ ነው። ከአገሩ ሸሽቶ የወጣ ሰው ፊቱን ለዓለም የማያሳይበት የራሱ ምክንያት አለው። አንዱ የሚፈራው መንግሥት አለ፤ አንዷ የምትሸሸው ባል አለ፤ ሌላው ደግሞ ቤተሰቡ አገር ቤት ነው፣ በእሱ ምክንያት እንዳይነኩበት ይሰጋል። በማጀቢያ ምስል እጅ ብቻ፣ ጥላ ብቻ፣ ጫማ ብቻ እያሳዩ ሙሉ ሐሳብ መናገር ይቻላል። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ረገድ ካየኋቸው ሁሉ የወደድኩትን አንድ ቪዲዮ ልጥቀስ። የሠራችው ተማሪ ናት፤ ስሟን አላነሳም። ሃያ ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። የሚታየው ሁለት እጅ፣ አንድ የብረት ሳህንና አንድ ጣሳ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ሳህኑ ላይ ሦስት እኩል ቦታ ትከፍለዋለች። ጽሑፉ «አንድ ጣሳ ለሦስት ቀን» ይላል። ቀጥሎ «እንግዳ መጣ» የሚል ይወጣል። እጇ ከሦስቱ ክምር አንዱን በማንኪያ ጫፍ መሀል ለመሀል ትሰነጥቀዋለች። «አንድ ሦስተኛ ለሁለት ሲካፈል አንድ ስድስተኛ» ይላል ጽሑፉ። ሙዚቃ የለውም፤ የሚሰማው ማንኪያው ሳህኑን ሲፍቅ ብቻ ነው። አለቀ። እኛ በሰሌዳ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ የምንለፋበትን ትምህርት ልጅቷ በሃያ ሰከንድ አስተማረችው። ምስሉ ከጽሑፉ ጀርባ የተነጠፈ ጨርቅ ሳይሆን ራሱ ትምህርቱ ነው። ከዚህም ሌላ የተራበ፣ ያዘነ ሰው ፊት ሳታሳይ ራሽን ማብቃቃት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ እንዲያውቀው አድርጋለች። ፊቷንም አላሳየችም፤ የማንንም ፊት አላሳየችም።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ

አብዛኛው ቪዲዮ ግን እንዲህ አይደለም። አሁን አሁን የመጣ ፋሽን አለ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈልና ከላይ አንድ ሰው ታሪክ ይተርካል ወይም የእንግሊዝኛ ሰዋስው ያስተምራል፤ ከታች ደግሞ ባቡር ላይ የሚሮጥ የጌም ልጅ ይታያል። ጌሙ «ሰብዌይ ሰርፈርስ» ይባላል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የዴንማርክ ኩባንያዎች ያወጡት ነው። ሠሪዎቹ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «ሰው እንዳይሰለችና እንዳያልፈው ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ አያልፈውም። ግን ምኑን ነው የሚያየው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባል የለ! ዐይንም እንዲሁ ነው።

ይኼ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ሜየር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሰው ከምስልና ከቃል እንዴት እንደሚማር ለብዙ ዓመታት አጥንቷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል። ከደረሰባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ምስልና ድምፅ ደስ የሚያሰኝ ቢሆን እንኳ ሲወጣ ሰው የተሻለ ይማራል የሚል ነው። ምክንያቱም አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ውስን ነው። በእኛ ተማሪዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቤት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሌላ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ፣ ሜዳ ላይ ስዋሂሊ የሚናገር ልጅ እያንዳንዱን ጽሑፍ የሚያነበው ታግሎ ነው። ታግሎ ለሚያነብ ሰው ከታች ባቡር ማስሮጥ ደግነት አይደለም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የኬንያ የትምህርት ሥርዓት እንደተለወጠ ታውቃላችሁ። የ8ኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተና በ2023 እ.ኤ.አ. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ፤ የ9ኛ ክፍል ምዘና ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። አንድ ጎበዝ ወጣት ይኼን ለውጥ ለወላጆች የሚያስረዳ ቪዲዮ ሠራ። የጻፈው ነገር ትክክል ነው፤ ጠቃሚም ነው። ማጀቢያው ግን ከኢንተርኔት ያወረደው፣ ሌሊት መብራቱ የሚንቦገቦግ የሰማይ ጠቀስ ፎቆች ምስል ነበር። ነጩ ጽሑፍ በመብራቱ መሀል ጠፍቷል። ኮሜንቶቹን አነበብኳቸው። «ይኼ የት አገር ነው?»፣ «እዚህ ነህ እንዴ? እንኳን ደስ ያለህ» የሚሉ ናቸው። ስለ ፈተናው የጠየቀ አንድም አላየሁም። ልጁ ስለ ትምህርት ጽፎ ስለ ጉዞ የሚናገር ቪዲዮ አወጣ። ምስሉ ጽሑፉን አሸነፈው ማለት ነው።

ምስል ከጎኑ ያለውን ይለውጣል

ምስል ለምን ያሸንፋል? በ1920 እ.ኤ.አ. ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ሰው አንድ የታወቀ ሙከራ ማድረጉ ይነገራል። የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ፤ ፊቱ ምንም አይናገርም። ይኼንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር አያያዘው። ተመልካቹም ተዋናዩ ራበው፣ አዘነ፣ ወደዳት እያለ አደነቀው። ፊቱ ግን አንድ ነበር። ትርጉሙን የሰጠው ጎኑ የተቀመጠው ነገር ነው። እንግዲህ ጽሑፍና ምስል አንድ ላይ ሲቀመጡም ሦስተኛ ትርጉም ይወልዳሉ። ሠሪው ያሰበው ይሁን ያላሰበው ለተመልካቹ ለውጥ የለውም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይኼን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ነገር ግን እንዳለ አላሳየውም። በረሃብ በሚሞቱት ሰዎች ምስል መሀል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳዩ ምስሎች እያስገባ አቀናበረው። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ንጉሡ የወረዱት በፊልም ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፤ አብዮቱ ከየካቲት ጀምሮ የተቀጣጠለ ነበር። ረሃቡም ውሸት አልነበረም፤ ድግሱም ውሸት አልነበረም። የኃይሉ ምንጭ ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ይኼን ታሪክ ስናወራ ስለ ንጉሡና ስለ ደርግ እንከራከራለን። ምስላቸው እየተቆረጠ ለዚህ ሥራ የዋለው የወሎ ገበሬዎች ግን «ምስላችሁን ለዚህ እናውለው?» ብሎ የጠየቃቸው ስለመኖሩ ማንም አያነሳም። እነሱ ለነገሩ ማጀቢያ ነበሩ።

ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ሆነ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አነቃነቀ። በዓመቱ ሐምሌ 13 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ላይቭ ኤይድ በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ደግሞ ከካናዳ ቴሌቪዥን የተወሰደ የረሃቡ ምስል «ድራይቭ» ከተሰኘ የአሜሪካ ዘፈን ጋር ተቀናብሮ ቀረበ። ዘፈኑ ስለ ረሃብ የተዘፈነ አልነበረም። የተመልካቹ አንጀት ግን ተላወሰ፤ ብዙ ገንዘብም ተሰጠ። በዚያ ምስል ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ የነበረች አንዲት ሕፃን ትታያለች። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። አድጋ፣ በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በተደረገው ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ስትቆም 20 ዓመት አልፎ ነበር። ፊቷ አስቀድሞ ዓለምን ዞረ፤ ስሟ ግን ዓለም መድረክ ላይ የተጠራው ዘግይቶ ነው። የገንዘቡን ጥቅም አልክድም፤ ሰው ድኖበታል። እኔ የምለው፣ ፊት ከስም ተነጥሎ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለእኛ ማንም ሊነግረን አይገባም ነው።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

ካኩማ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ ብዙ ካሜራ አይቷል። ጋዜጠኛ መጣ፣ ድርጅት መጣ፣ እንግዳ መጣ፤ ሁሉም ቀርጾ ሄደ። «ከየት እንደመጣን ሳይጠይቁ ችግራችንን ብቻ አንስተው ሄዱ» ብለን ያላማረርን ማን አለ? አሁን ካሜራው በእጃችን ገባ። ታዲያ ምን ቀረጽንበት? እውነቱን ልናገር። ካሜራው እጅ ቀየረ እንጂ ዐይኑ ያው ነው።

ማስረጃዬ ይኸውና። አንድ ወጣት «ዕድሉን የሚያማርር ሰነፍ ነው» የሚል የማበረታቻ ጽሑፍ ጻፈ። ሐሳቡ ይሁንለት። ማጀቢያ ያደረገው ግን ከርቀት የቀረጸውን የራሽን ሰልፍ ነው። እናቶች ጆንያ ታቅፈው፣ ሽማግሌዎች አቧራ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ቅድም ኩሌሾቭ ያልኩትን አስታውሱ። «ሰነፍ» ከሚለው ቃል ስር ሰልፍ ሲቀመጥ ሰነፉ ማን ሆነ? ልጁ ይኼን አላሰበም። እሱ የፈለገው «የሚንቀሳቀስ ነገር» ነው፤ እንደዚያ ነው ያለኝ። ንጋት ላይ ወጥታ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ የቆመች ሴት ለእሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሆነችለት።

ሁለተኛው ይብሳል። በማታው የጎልማሶች ክፍል ፊደል የሚማሩ አንዲት እናት ነበሩ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ ይኼን ያህሉን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። በዕድሜ የገፉ ናቸው። ለመምጣት ብዙ ወራት አመንትተው፣ ጎረቤት እንዳያያቸው ደብተራቸውን ነጠላቸው ስር ሸፍነው ነበር የሚመጡት። አንድ ቀን ማታ አንድ ወጣት በበሩ በኩል ሲያልፍ ክፍሉን ሰባት ሰከንድ ያህል ቀረጸ። የመብራቱ ቢጫ ብርሃን፣ የጎንበስ ያሉት እናቶች፣ የኖራው አቧራ፣ በእውነት የሚያምር ምስል ነው። ልጁ በዚያ ሰሞን ከሴት ጓደኛው ተለያይቶ ኖሮ ላዩ ላይ «ረፍዷል፤ ከእንግዲህ አይሆንም» ብሎ ጻፈበት። የፍቅር እንጉርጉሮ ጨመረበትና ለቀቀው። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ።

እኚያ እናት ጋ ደረሰ። የልጅ ልጃቸው ነው ያሳየቻቸው። ራሳቸውን አዩ፤ ከዚያም ጽሑፉን አዩ። ፊደሉን እየቆጠሩ አነበቡት። ከክፍል ውጪ በራሳቸው ዐይን ያነበቡት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር። ቤታቸው ሄጄ «እትዬ፣ ምነው ቀሩ?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ለእኔ ነው እንዴ የጻፉት?» አሉኝ። ልጁ የጻፈው ስለ ሌላ ነገር መሆኑን አስረዳኋቸው። «እሱስ ይሁን፤ ሰው ግን ያነበበው ለእኔ ነው» አሉ። መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። ልጁ ቪዲዮውን አጥፍቶታል፤ ሄዶም ይቅርታ ጠይቋቸዋል። እሳቸው ግን ይኼን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ወደ ክፍል አልተመለሱም።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ይጠቃለላል። ይኼ የቪዲዮ ዓይነት የተሰጠን ትልቁ ጥቅም ፊታችንን ሸሽገን እንድንናገር ማስቻሉ ነው ብያለሁ። እኛ ግን የራሳችንን ፊት ሸሽገን የሌላውን ፊት አወጣን። ልጁ የልቡን ስብራት ሲጽፍ ፊቱን ማሳየት አፍሮ ነበር። ሊሸፍንበት ያነሳው ግን የእናቶችን ፊት ነው።

ለሚነሱ ክርክሮች

ይኼን ሐሳብ ለወጣቶቹ ሳቀርብላቸው ሦስት መልስ ሰጥተውኛል። ሦስቱም ሊናቁ የሚገባቸው አይደሉም።

አንደኛው «መንገድ የሁሉም ነው፤ መንገድ ላይ የሚታይን ሰው መቅረጽ ምን ነውር አለው?» የሚል ነው። መንገድ ላይ መታየትና ተቀርጾ መቀመጥ ግን ለየቅል ናቸው። መንገድ ላይ የሚያየኝ ሰው እኔም አየዋለሁ፤ ያልፋል፤ ይረሳኛል። በስልክ የሚያየኝን ግን አላውቀውም፤ እሱ ደግሞ ደጋግሞ ሊያየኝ፣ አውርዶ ሊያስቀምጠኝ፣ አገር ቤት ሊልከኝ ይችላል። ባለቤቱ ቢያጠፋውም ኮፒው አይጠፋም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም የሕፃናትን መረጃ የሚመለከት ነገር የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ደንግጓል። ማንንም በሕግ ለማስፈራራት አይደለም የማነሳው፤ አገሩ ራሱ ነገሩን እንደ ተራ ነገር እንደማያየው እንድታውቁት ነው።

ሁለተኛው «ፊታቸውን እናደበዝዘዋለን» የሚል ነው። ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ሰውን የሚያውቀው ሰው በፊቱ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። በአካሄዱ፣ በነጠላው አጣጣል፣ በቤቱ በር ቀለም ያውቀዋል። የሚፈራው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ የሚያውቀው ሰው ነው። በዚያ ላይ ፊት ቢደበዝዝም ትርጉሙ አይደበዝዝም። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ፊቱ በጠፋ ሰልፍ ላይም ያው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። «ታዲያ የካምፑን እውነት ማን ያሳይ? ሰልፉን እንደብቀው ነው የምትለን?» አሉኝ። ኧረ በፍጹም! ሰልፉ ጉዳያችሁ ከሆነ ፊት አምጡት። ሄዳችሁ ከሰልፈኛው ጋር ቁሙ፤ ስንት ሰዓት እንደቆመ፣ ምን እንደተቀበለ፣ ለስንት ቀን እንደሚያበቃቃው ጠይቁት፤ ሊናገር ከፈለገ ይናገር። ያኔ ባለጉዳይ ይሆናል። የእኔ ተቃውሞ ሰልፉ መታየቱ ላይ ሳይሆን፣ ስለ ሌላ ነገር ለተጻፈ ጽሑፍ ምንጣፍ መሆኑ ላይ ነው።

ምን ይደረግ?

ሂስ አቅርቦ መሄድ ቀላል ስለሆነ እንደ መምህር የሚሠራበትን ነገር ልጠቁም። ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍኑና ድምፁን አጥፍታችሁ ምስሉን ብቻ እዩት። ምን ይላል? ቀጥሎ ምስሉን ሸፍናችሁ ጽሑፉን ብቻ አንብቡ። ምን ይላል? ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ እዩና እናንተ ያላላችሁት ሦስተኛ ነገር ተወልዶ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ካላወቃችሁት ጓደኛችሁን ጠይቁ፤ ቢቻል ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው።

ቀጥሎም ከኋላ የሚታየውን ሰው በስሙ ልትጠሩት ትችሉ እንደሆነ አስቡ። የማትችሉ ከሆነ ቪዲዮው ውስጥ ምን ይሠራል? ከቻላችሁ ደግሞ ፈቃድ ጠይቁት። ፈቃድ ስል «ላንሳህ?» ማለት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው «ላንሳህ?» ሲባል ይሉኝታ ይዞት እሺ ይላል። ያለቀውን ቪዲዮ፣ ጽሑፉ ከነሙዚቃው ተጨምሮበት አሳዩት። ማንበብ የማይችል ከሆነ አንብቡለት። ሰው እሺ ወይም እምቢ ማለት ያለበት ለመቀረጹ ብቻ ሳይሆን ለሚጻፍበት ነገርም ጭምር ነው።

«ታዲያ ምን ቀርጸን ልንኖር ነው?» ለሚለኝ ደግሞ፣ ካኩማ ማጀቢያ ምስል ይጎድለዋል እንዴ? ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ የማታ ፀሐይ አለ። ከዝናብ በኋላ ድንገት የሚሞላ ላጋ አለ። ከሰል ላይ የሚንተከተክ ጀበና፣ ገመድ ላይ የሚወዛወዝ ዩኒፎርም፣ ሰሌዳ ላይ ግማሹ የጠፋ የሒሳብ ጥያቄ፣ በሽቦ የተጠገነ የእግር ኳስ ጎል አለ። ከሁሉም በላይ የራሳችሁ እጅ አለ። ቅድም ያመሰገንኳት ተማሪ ከአንድ ጣሳ ዱቄት በላይ አላስፈለጋትም።

የትምህርት ቤቶቻችን ኃላፊዎችም ይኼን ጉዳይ «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው» በሚል ማስታወቂያ ብቻ የሚያልፉት ከሆነ ጥቅም የለውም። ልጆቹ ከግቢ እንደወጡ ይቀርጻሉ። ከዚህ ይልቅ በወር አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠን ቪዲዮዎቹን ከልጆቹ ጋር እያየን እንወያይባቸዋለን። እንደ ድርሰት ልናርማቸው እንችላለን። አንድ ልጅ ያለቦታው የገባ ቃል ሲጠቀም ከስሩ እንደምናሰምርበት፣ ያለቦታው የገባ ሰው ሲያሳይም ማስመር አለብን።

ለማታው ክፍል ተማሪዎቼና ክፍሉን ለመቀላቀል ለምታስቡ እናቶችና አባቶች ደግሞ አንድ ማስታወቂያ አለኝ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። የሰፋውም ያው ያንን ቪዲዮ የሠራው ወጣት ነው። ክፍሉ እንደወትሮው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፤ መምጣት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ።

በሚቀጥለው እትም ስለ ማጀቢያ ሙዚቃው እመለስበታለሁ። ሐሳብ፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ ያላችሁ በጽሑፍ ለአዘጋጆቹ እንድትሰጡልኝ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።